ራስጌና ግርጌ ለሚተኙ ሰዎች የሚሆን ፍራሽ

እኔን የሚደንቀኝ ነገር የለም ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ። ፎቅ ሲቆም አይደንቀኝም፤ ሠላሳ ዓመት በግንበኝነት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከልስኑ ሥር ምን እንደተሸሸገ አውቃለሁ። መንገድ ሲቆፈር አይደንቀኝም፤ የተቆፈረው በወቅቱ ሲደፈን ባይ ይደንቀኝ ነበር፣ እሱን ደግሞ አላየሁም። የታክሲ ረዳት «የሁለት ሰው ቦታ!» ብሎ አምስት ሰው ሲያጭቅ፣ ጎረቤት ለልጁ ሠርግ ተበድሮ ድንኳን ሲጥል፣ ቅንድቤ አይነሣም። ሚስቴ ተዋበች «አንተ እኮ ገነት ብትገባም በሩ ጠበበኝ ትላለህ» ትለኛለች። እላለሁ። ጠባብ ከሆነ ለምን ሰፊ ነው እላለሁ?

ይኸው እኔ፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ፍራሽ ደንቆኝ አፌን ከፍቼ ተገኘሁ። ፍራሽ! ለሚያውቁኝ ሰዎች አላወራሁትም። ለእናንተ የማወራው ስለማታውቁኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከተዋበች ዳሌ ነው። በዚህ ዕድሜው ስለ ሚስቱ ዳሌ ያወራል ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የእሱም ሚስት ታረጃለች። ቀኝ ዳሌዋን ያማታል። ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ፣ ወንበሩን ይዛ፣ በመጨረሻም እኔን ይዛ ነው የምትቆመው። ቅባቱ ተሞከረ፤ ጠበሉ ተሞከረ፤ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መድኃኒት አዘዘላት። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ፎቶ አስነሥቶ ወደ ብርሃን ዘረጋና ሲያይ ቆይቶ፦

«አጥንትዎ ደህና ነው እናቴ። ለመሆኑ ምን ላይ ነው የሚተኙት?» አላት።

«ፍራሽ ላይ።»

«ምን ዓይነት ፍራሽ?»

«የጥጥ።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

ተዋበች ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ፍራሹ የጎጇችን መውጫ ነው፤ ከጋብቻችን ጋር እኩያ ነው። እርግጥ ጥጡ ሁለት ጊዜ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ተበትኖ፣ ተነድፎ ተመልሷል። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር መሐሉ ጎድጉዶ፣ ዳርና ዳሩ ደርቆ፣ እኔ ካቆምኳቸው ግድግዳዎች ያላነሰ ጥንካሬ ነበረው። ስንት ቤት ፈርሶ እሱ አልፈረሰም።

«ለስለስ ያለ ስፕሪንግ ፍራሽ ይግዙላቸው» አለኝ ሐኪሙ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ያልኩትን ነገር ባልለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን አልኩት። «ይሄ ሰውዬ ይቀልዳል? እናቴ ጭቃ መደብ ላይ ተኝታ ነው ዘጠኝ ልጅ ወልዳ ያሳደገችው። ፍራሽ የሚባል ነገር ሳታይ ነው የሞተችው» አልኩ።

ተዋበች ትንሽ ተራመደችና «ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ።

«አርባ ሦስት።»

«በል እንግዲህ» አለች። ከዚያ እስከ ቤታችን፣ እስከ መካኒሳ ድረስ፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በማግሥቱ ልብሷን በሻንጣ፣ መድኃኒቷን በፌስታል አድርጋ ፉሪ ወዳለችው ልጃችን ወደ ሂሩት ሄደች። «ሁለት ቀን አርፌ እመጣለሁ፤ እሷ ጋ ደህና ፍራሽ አለ» አለች። ሁለት ቀኑ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሂሩት ደወለችልኝ።

«አባ፣ እማ እኮ እዚህ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ዳሌዋም ትንሽ ተሽሏታል።»

«ጥሩ ነው።»

«እና... እኔና ባለቤቴ ተነጋግረን ነበር። የጓሮዋን ክፍል ቀለም አስቀብተን ለእሷ ልናደርግላት ነው። እዚሁ ትቀመጥ። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ታያታለህ።»

«ጥሩ ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ጥሩ አይደለም። ሚስቴን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልጠይቃት ነው፤ እንደ እስረኛ። ስንቅ ይዤ!

አንድ ቃል፣ «ነይ» ብትላትስ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ፣ ለራሴ፣ ብቻዬን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሞክሬዋለሁ። ስልክ ሳነሣ ግን «እንዴት ነሽ»ን ተሻግሮ የሚሄድ ቃል ከአፌ አይወጣም። አንዳንድ አፍ ለሙገሳ፣ አንዳንድ አፍ ለይቅርታ ይፈጠራል፤ የእኔ ለሙግት ነው የተፈጠረው። ደግሞ ግንበኛ ስህተቱን በአፉ አያርምም። አፍርሶ እንደገና ይገነባል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣሁና የጎጇችንን ፍራሽ አጥሩ ላይ አወጣሁት፤ ቀለሙ ክፍሉ ላይ ሳይደርቅ ልቀድም፣ ፍራሽ ልገዛ ወደ ለቡ ሄድኩ።

ሱቁ ሰፊ ነው። ፍራሾቹ ግማሾቹ ተነጥፈዋል፣ ግማሾቹ እንደ ሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሻጭ ወደ እኔ መጣች።

«አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ፍራሽ።»

«ምን ዓይነት ፍራሽ ፈለጉ?»

«የሚተኛበት።»

ሳቀች። በእኔ መልስ የሚስቅ ሰው ብዙ አያጋጥመኝም፤ አብዛኛው ይከፋዋል። እጄን ይዛ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ አንድ ፍራሽ ወሰደችኝ። ፍራሹ ለናሙና ተብሎ ጎኑ ተቀዶ ሆዱ ይታያል። ውስጡ የሽቦ ጥቅልል ነው። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ በመቶዎች። እያንዳንዱ ጥቅልል የየራሱን ነጭ ከረጢት ለብሶ፣ የሰልፍ ተማሪ ይመስል ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል። ልጅቷ በአንድ ጣቷ አንዱን ተጫነችው። ወረደ። እሱ ብቻ ወረደ! አጠገቡ ያለው ንቅንቅ አላለም። ጣቷን አነሣች፤ ተመልሶ ቆመ፣ ምንም እንዳልደረሰበት።

«እንደገና አድርጊው» አልኳት።

አደረገችው።

«ቆይ እኔ ላድርገው።»

አደረግኩት። በአንድ ጣት፣ በሁለት ጣት፣ በመዳፌ፣ በክርኔ። የተጫንኩት ብቻ ይወርዳል። እኔ የማውቀው ዓለም እንዲህ አይደለም። እኔ የማውቀው የቤቱ አንድ ጥግ ሲሰምጥ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ሲሰነጠቅ ነው። ስንት መሠረት ጥያለሁ! ስንቱ አሠሪ «ብረቱን ቀንሰው፣ ማን ያየዋል» ብሎኛል! ይሄን የሠራው ሰው ግን ማንም የማያየው ጨርቅ ሥር፣ ለአንዱ ትከሻ አንድ ዓምድ፣ ለአንዱ ጉልበት አንድ ዓምድ አቁሟል። ደግሞ ለምን? ተኚው ራሱ ለማያውቀው ነገር! በጉልበቴ ተንበርክኬ ወደ ፍራሹ ሆድ ስመለከት ቆየሁ። አልዋሻችሁም፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያ ልቤ ተሰብስቦ አልተንበረከክኩም።

«አባቴ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ ልጅቷ።

«ደህና ነኝ። ይሄን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?»

«ፋብሪካ ነው አባቴ የሚሠራው።»

«ፋብሪካውንም ሰው ነው የሠራው» አልኳት። ይሄኛው መልስ ግን አላሳቃትም። ወደ ሽያጭዋ ተመለሰች።

«ለእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ከባለቤትዎ ጋር?»

«ለእሷ ነው። ለእኛ ነው። ለእሷ ነው በዋናነት።»

«እንዴት ነው የሚተኙት ባለቤትዎ? በጎን ነው፣ በጀርባ ነው ወይስ በደረት?»

«ምን ልዩነት አለው?»

አለው። ነገረችኝ። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ስለሚወጣ ለስላሳ ይፈልጋል፣ ገባ ብሎ እንዲያርፍለት። በጀርባው የሚተኛ ሰው መካከለኛ ይፈልጋል፣ ወገቡን የሚደግፍለት። በደረቱ የሚተኛ ደግሞ ለስላሳ ከሆነበት ሆዱ ይሰምጥና ወገቡ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ጠንከር ይበልለት። አስቡት እስቲ! እኔ መተኛት አንድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሙያ ኖሯል፤ ለየሙያው የየራሱ መሣሪያ አለው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልነገረኝም።

«እና እንዴት ነው የሚተኙት?» አለችኝ እንደገና።

አሰብኩ። ተዋበችን ቆማ አሰብኳት፣ ተቀምጣ አሰብኳት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ከጎረቤት ጋር አጥር ላይ ስታወራ። ተኝታ ግን... 

«አላውቅም» አልኩ።

«እንዴት አያውቁም? አብረው አይተኙም?»

«አብረን ነው የምንተኛ።»

«አንድ አልጋ ላይ?»

«አንድ አልጋ ላይ ነው እንጂ!»

«ታዲያ እንዴት—»

«ራስጌና ግርጌ ነና!» ብዬ ጮህኩ። በሱቁ ውስጥ ትራስ የሚመርጡ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ትራሱን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

እንግዲህ ላስረዳችሁ። ሂሩት የተወለደች ጊዜ እኔ አንኮራፋለሁ ተባለ። ሕፃኗን እየቀሰቀስኩ አላስተኛ አልኩ። ተዋበች «እስከ ክርስትናዋ ድረስ ግርጌ ዙርልኝ» አለችኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ ቀን ምን አላት ብዬ ትራሴን ይዤ ግርጌ ዞርኩ። ሂሩት ክርስትና ተነሣች። ጡት ጣለች። ትምህርት ቤት ገባች። ተመረቀች፣ ተዳረች፣ የራሷን ልጅ ክርስትና አስነሣች። እኔ ግን ግርጌ ቀረሁ። ተመለስ ያለኝ የለም፤ ልመለስ ወይ ብዬም አልጠየቅኩም። ሃያ ስምንት ዓመት።

ስለዚህ የተዋበችን እግር ጠይቁኝ። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። ተረከዟ በበጋ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ የቀኙ ከግራው ቀድሞ ይበርዳል። እግሯ እኔ ፊት አጠገብ ነው ሲያድር የኖረው፣ ደግሞ አንድም ቀን አይንቀሳቀስም፤ እንዳስቀመጡት ያድራል። ግንድ ናት ብዬ ነው የማውቃት። ከጉልበቷ በላይ ያለው ነገር እንዴት እንደሚያድር ግን እኔ ምን አውቄ?

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሳልነግራት ከፊቴ ያነበበችው መሰለኝ። ትንሽ አሰበችና፦

«ጠዋት ሲነሡ የትኛው ጋ ነው የሚያማቸው?» አለችኝ።

«ቀኝ ዳሌዋ።»

«እንግዲያው በቀኝ ጎናቸው ነው የሚተኙት። ብዙም አይገላበጡም ማለት ነው።»

እንደገና አፌ ተከፈተ። ይህች ልጅ ተዋበችን በመልክ አታውቃትም። እኔ በሃያ ስምንት ዓመት ያላወቅኩትን እሷ በአንድ ጥያቄ አወቀችው። ሐኪም ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ፎቶ ያስፈልገዋል።

«እርስዎስ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተኝቼ ነው የምተኛ!»

«ይተኙና እንየው» አለችኝ፣ ለስላሳውን እያሳየችኝ።

ሰው ፊት መተኛት ነውር ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሁሉም ሞክሮ ነው የሚገዛ አለችኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። የቀኝ ካልሲዬ አውራ ጣት በቀዳዳው ብቅ ብሎ ሱቁን አየ። በፍጥነት ተጋደምኩና «ይኸው» አልኩ። ፍራሹ አልገፋኝም፣ አልዋጠኝም፤ እያንዳንዱን አጥንቴን ለየብቻው እጁን ዘርግቶ የተቀበለኝ መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ነው፤ ተቀብሎት የሚያውቅ የለም። ለአፍታ ዓይኔን ጨፈን ላድርግ አልኩ።

ስነቃ ትራስ መራጮቹ ባልና ሚስት ከራሴ በላይ ቆመዋል። ከበሩም ሁለት ሰው ገብቶ ያያል።

«በጀርባዎ ነው የሚተኙት አባቴ» አለችኝ ሻጯ። «ያንኮራፋሉም።»

«ስንት ደቂቃ ተኛሁ?»

«ኧረ ሰዓት ነው የሚባለው!» አለ ባልየው። ሚስትየዋ ደግሞ ክንዱን ጎተተችና፣ «እኔ ይሄን ነው የምፈልገው። ሰውየው እንደተኛበት ዓይነት» አለችው። እየቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ከፈሉ። እኔ በሕይወቴ በአፌ ሰው አሳምኜ አላውቅም፤ በማንኮራፋት ግን አንድ ፍራሽ አሸጥኩ።

ለተዋበች በጎን ለሚተኛ የሚሆነውን ለስላሳ ገዛሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከልጅነታቸው የተማሩ ሰዎች የተጻፈውን አይተው ያልፋሉ፤ እኔ አላልፍም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ስንት ምሽት ለዚያ እንደከፈልኩ አውቃለሁና። ያን ቀን ግን ተደንቄያለሁ። ፍራሹ ላይ ሁለት ጽሑፍ ተሰፍቶ ነበር፤ ሳላነብ ወጣሁ።

የሱቁ ፒካፕ እስከ አስፋልቱ ዳር አደረሰኝና ቆመ፤ የሠፈራችን መግቢያ ተቆፍሯል። ስፕሪንግ ፍራሽ ደግሞ እንደ ጥጥ ፍራሽ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ አይወጣም፤ ሙሉ ቁመናውን ይዞ ነው የሚሄድ። ሁለት ተሸካሚ ቀጥሬ ቁፋሮውን በሳንቃ ተሻግረን፣ ያን የሚያህል፣ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ላስቲኩ የሚያብረቀርቅ ነገር በኮብልስቶኑ መሐል ለመሐል ይዘን ገባን። ቅዳሜ ነው፤ ሰው ሁሉ ደጅ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ልብስ ታሰጣ ነበር። እሷ የሰማችውን ሠፈሩ ይሰማል፤ ያልሰማችውንም ይሰማል።

«እሰይ! ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ፍራሽ።»

«ለማን ነው?»

«ለሚተኛበት።»

«ተዋበች መጣች እንዴ?»

«አልመጣችም።»

«ልትመጣ ነው?»

እዚህ ላይ «እንድትመጣ ነው» ማለት እችል ነበር። ሁለቱ ተሸካሚዎች፣ ደጅ የቆመችው የሠፈራችን ባለሱቅ ሚስት፣ ፍራሹም ራሱ ይሰማሉ። «ምን አገባሽ!» አልኳትና በሩን ገፍቼ ገባሁ። ከኋላዬ «አሃ...» ስትል ሰማሁ። የእትዬ ብርቄ «አሃ» እንደ ሌላ ሰው «አሃ» አይደለም። ቤት ያፈርሳል።

አያችሁ፣ ለሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሚስት ሦስት ሳምንት ከቤት የለችም። ባል የጎጆ መውጫውን ፍራሽ አጥር ላይ አውጥቶ ጥሎታል። በቅዳሜ ቀን ለሁለት ሰው የሚሆን አዲስ ፍራሽ ያስገባል። ሲጠይቁት ይቆጣል። በእኛ ሠፈር ለዚህ ሒሳብ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። እኔም ጎረቤት ብሆን እሱኑ ነበር የማስበው።

እኔ ግን ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። ፍራሹን አልጋው ላይ አነጠፍኩ። ላስቲኩን ስገፍ ጽሑፎቹን አየኋቸው፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። በአንደኛው ጫፍ «ራስጌ» ይላል፤ በሌላኛው «ግርጌ»። ከሥሩ በትንሹ፣ ትከሻና ዳሌ የሚያርፍበት ወገን ለስላሳ፣ እግር የሚያርፍበት ወገን ጠንካራ እንደሆነ፣ አዙሮ መተኛት እንደማይገባ ያስረዳል። እንደ ልማዴ ግርጌ ዞሬ ተኛሁ። ትከሻዬ ጠንካራው ላይ ቀረ፣ እግሬ ለስላሳው ውስጥ ገባ፤ ቁልቁለት ላይ እንደተኛ በሬ ሆንኩ። ያን ሁሉ ዓምድ ያቆመ፣ የጎኑን፣ የጀርባውን፣ የደረቱን ያሰበ ያ ድንቅ ሰው፣ ራስጌና ግርጌ የሚተኛ ባልና ሚስት በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

እዚያው እንደተጋደምኩ ሳሰላስል በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

ተዋበች ናት። ከፉሪ በሁለት ታክሲ፣ ከአስፋልቱ ደግሞ በእግሯ ቁፋሮውን ተሻግራ መጥታለች፤ ያ ግድግዳ ተይዞለት የሚቆም ዳሌ! ፊቷ ላብ ብቻ ነው።

«የታለች?» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ይላል ደግሞ! የታለች?»

መጋረጃውን ገለጠች። ከቁም ሣጥኑ ኋላ አየች። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ልታይ ስትል ዳሌዋ ያዛትና ቀጥ አለች።

«ብርቄ ደውላልኝ ነው የመጣሁት። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሦስት ሳምንት! ሬሳዬ ሳይወጣ! ስንት ዓመቷ ነው?»

«ተዋበች፣ ማንም የለም።»

«ታዲያ ይሄ ለማን ነው? ለአንተ ነው? አንተ ለራስህ ካልሲ ገዝተህ የማታውቅ ሰው!»

አውራ ጣቴ ከካልሲው ብቅ እንዳለ ነው። ቅድም ስልክ ላይ፣ በር ላይ፣ እትዬ ብርቄ ፊት እምቢ ያለኝ ቃል አሁን ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አምሮበትም አልወጣም። እየጮህኩ ነው ያልኩት።

«ለዳሌሽ ነው! ለቀኝ ዳሌሽ! እዚያ ክፍል ቀለም ቀብተው ሳያስገቡሽ ብዬ ነው! በቃ!»

እኔን አየች፣ ፍራሹን አየች። ነጠላዋን ሰብስባ በአልጋው ጠርዝ ላይ፣ የጎረቤት ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ በጥንቃቄ ተቀመጠች።

«እና ይሄን ማለት አቅቶህ ነው ሰው የሳቀብኝ?» አለች። በእጇ ጫን አደረገችው። «ይገርማል...» አለች። ከዚያ ስድቡን ቀጠለች። ጎኗን አሳርፋ ቀጠለች። ስለ እናቴ መደብ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ስላልኩት ነገር፣ በሠርጋችን ሰሞን ስላልኩትም ነገር። ራሷን ትራሱ ላይ አድርጋ ቀጠለች። «አንተ እኮ ልብህ ደህና ነው፣ አፍህ ነው እንጂ የ...» አለችና ቀረ። የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንቅልፍ ወሰዳት።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል፤ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ሃያ ስምንት ዓመት ያላየሁትን አየሁ። በቀኝ ጎኗ ነው የተኛችው፣ ሻጯ እንዳለችው፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ። ከንፈሯ ትንሽ ይከፈታል። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር፣ እኔ የሳልኩት እሱ መስመር፣ ተኝታ የለም። ከዚያ ተገላበጠች! በጀርባዋ ሆነች። ቆይታ በግራ ጎኗ። ቆይታ በደረቷ፣ አንድ እግሯን አጥፋ፣ አንድ እጇን ዘርግታ፣ እንደ ሕፃን። አንድ ጊዜ እግሯ ተወርውሮ የአልጋውን ግርጌ «ቧ» አደረገው። ሦስቱንም ሙያ ትችልበታለች! ግንድ ያልኳት ሴት! አልጋውን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ስታርሰው ዋለች፤ እኔ በርጩማዬ ላይ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንዳልቀሰቅሳት እየተነፈስኩ፣ ዓይኔን አልነቀልኩም። ፍራሹን ያደነቅኩትን ያህል አፈርኩ። እዚያ ሽቦ ላይ ተንበርክኬ አፌን ስከፍት፣ ከራስጌ ይሄ ኖሯል።

ስትነቃ አልጋው ላይ አግድም ነበረች። ደንግጣ ተነሣች፤ ግድግዳውን ሳትይዝ መነሣቷን ራሷም አላስተዋለችም።

«ምነው እንዲህ ተገላበጥኩ? መታሁህ እንዴ?»

«የት ሆኜ ትመቺኛለሽ፣ በርጩማ ላይ ነኝ።»

«አይ... ግርጌ ያለህ መስሎኝ ነው» አለች ዓይኗን እያሸች። «ቤታችን ስተኛ እኮ አልገላበጥም። እግሬ ፊትህ ላይ ነው፤ ከተገላበጥኩ እመታሃለሁ። አንተ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ ተነሥተህ ነው የምትወጣው። ጎኔን አስይዤ ቀጥ ብዬ ነው የማድረው፣ ለምዶብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግርጌ ከዞርክ ጀምሮ ነዋ።»

በርጩማዬን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ ስተኛ እገላበጥ ነበር?»

«አንተማ!» ብላ ሳቀች። «አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ አድምተኸዋል።»

ስልኳ ጮኸ። ሂሩት ናት፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ተጨንቃለች። «እማ ምን ሆነሽ ነው ሳትነግሪኝ የሄድሽው? መጥቼ ልውሰድሽ?»

ተዋበች መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ። «ሻንጣዬን ላኪልኝ» አለቻት። «ክፍሏን ቀለም ከቀባችኋት ዶሮ አርቡባት... አባትሽ? አባትሽማ ይኸው በርጩማ ላይ ተገትሯል። ደህና ሁኚ።»

ስልኩን አስቀምጣ መልሳ ጋደም አለች።

«ምን ትገተራለህ? አንተም ና ረፍ በል» አለችኝ።

«የት በኩል?» አልኳት።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች፤ ከትራሷ አጠገብ ቦታ ለቀቀች።

«በዚህ» አለች። «ግን ካንኮራፋህ ወዮልህ።»

አንኮራፋሁ። እግሯን ሃያ ስምንት ዓመት የቆጠበችልኝ ሴት፣ ክርኗን አንድ ሌሊት እንኳ አልቆጠበችልኝም።